ልጅቱ ምን ለብሳ ነበር?

በ2006 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በነበረ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ፣ አንድን ታሪክ ከመሃሉ ጀመርኩ። ቤቱ አራት ቴሌቪዥኖች ነበሩት። በሦስቱ ከጠዋት እስከ ማታ ኳስ ይካሄዳል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለው አራተኛው ቴሌቪዥን ግን ኳስ ለማይሆንላቸው ጥቂት ሰዎች የተተወ ነበር። ኳስ በጨዋታ ይከፈልበታል፤ የእኛው ግን ፊሽካ የሚነፋበት ማብቂያ ስለሌለው በሰዓት እንከፍል ነበር፣ ባለቤቱም ሰዓቱን ከእኛ ይልቅ በደንብ ይቆጥር ነበር።

ጨዋታው ሬዚደንት ኢቪል 6 የሚባል፣ ዞምቢና ጭራቅ የሚዋጉበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ ሴቭ የተደረገ ጨዋታ የማንም አይደለም፤ ትናንት ማታ የቆምኩበትን ቦታ ዛሬ ከሰዓት ስመለስ፣ ስሙንም መልኩንም የማላውቀው ሰው ሁለት ምዕራፍ ወደፊት ገፍቶት አገኛለሁ። ስለዚህ ክሪስ ሬድፊልድ የሚባለውን ወታደር የተዋወቅኩት፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ወጥቶ፣ ራሱንም ጓዶቹንም ረስቶ፣ ቻይና ውስጥ በሚገኝ ከተማ ጣሪያ ላይ ሲተኩስ ነው። ለምን እንደሚተኩስ ያወቅኩት ከብዙ ቀን በኋላ፣ ሌላ ሰው ያለፈውን መጀመሪያ ወደ ኋላ ተመልሼ ስጫወተው ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ የድህነታችን ጉድለት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ጨዋታውን ከዚህ በተሻለ መንገድ የጀመረ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ ይህን ጨዋታ ለገበያ ያቀረበው መስከረም 22 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ መስቀል ካለፈ በአምስተኛው ቀን መሆኑ ነው። የተከታታዩ የመጀመሪያ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ተጫዋቹን ክሪስን ወይስ ጂልን ትሆናለህ ብሎ ይጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሁለተኛው ሐሳቡን ገፋ አድርጎ በሁለት ዲስክ መጣ፤ አንዱ ሊዮን የሚባለው፣ ሌላው ክሌር የምትባለው ሰው ታሪክ ነበር። ታሪኩ በሚካሄድበት ፖሊስ ጣቢያ የመሣሪያ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የገባው ሰው ያነሣውን ዕቃ፣ በሁለተኛው ዙር የሚመጣው ሰው አያገኘውም። እኔ ይህን ትንሽ ዘዴ እጅግ እወደዋለሁ፤ ከዞምቢዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው፣ ከአንተ በፊት አንድ ሰው በዚህ ክፍል ማለፉን የሚነግርህ ባዶ መደርደሪያ ነውና።

ስድስተኛው ይህንኑ አብዝቶ አመጣው። ሊዮን ከሄሌና ጋር፣ ክሪስ ከፒርስ ጋር፣ ጄክ ከሼሪ ጋር፣ በመጨረሻም ኤዳ ዎንግ ብቻዋን፤ በድምሩ ሰባት ሰዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ አለ በተባለው ቶል ኦክስ፣ በምሥራቅ አውሮፓ በተፈጠረው ኤዶኒያ እና በቻይናው ላንሺያንግ ሲ-ቫይረስ የሚባል በሽታ ሰውን ወደ አውሬ ሲለውጥ፣ አራቱ ታሪኮች በተለያየ አቅጣጫ እየመጡ ይገናኛሉ፣ ጥቂት ደቂቃ አብረው ይታገላሉ፣ ይለያያሉ። ከመለያየቱ በኋላ እነዚያ ወዴት እንደሄዱ ለማወቅ ከፈለግህ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ እነርሱን ሆነህ መምጣት አለብህ።

የአጎቴ ልጅም በዚያው ቤት፣ በዚያው ጥግ ቴሌቪዥን ላይ ይጫወት ነበር፤ ነገር ግን እርሱ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት ነበርን፤ እርሱ በሊዮን በኩል ሲጀምር እኔ በክሪስ በኩል ገባሁ። ወደ ቤት ስንመለስ በፋሲል ግንብ አጥር ሥር እየተጓዝን እንጨቃጨቅ የነበረው ስለ ኤዳ ዎንግ ነው። እኔ ያየኋት ኤዳ፣ ኤዶኒያ ውስጥ የክሪስን ወታደሮች ካሳተች በኋላ መርፌ የሚረጭ ቦምብ ጥላባቸው፣ ልጆቹ በአለቃቸው ዓይን ፊት ቅርፊት ለብሰው ወደ አውሬነት እንዲለወጡ ያደረገች ሴት ናት፤ ክሪስ ከዚያ ቀን በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ስሙን ረስቶ ሲጠጣ የኖረው በእርሷ ምክንያት ነው። የአጎቴ ልጅ ያያት ኤዳ ደግሞ፣ በቶል ኦክስ ካቴድራል ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ ሊዮንን በጭንቅ ሰዓት የረዳች፣ ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ የሚያውቃት ሴት ናት። እርሱ «አዳኝ» ይላል፣ እኔ «ነፍሰ ገዳይ» እላለሁ። ሁለታችንም በዓይናችን ያየነውን ነው የምንናገረው።

አንድ ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ ክርክሩን ይዘን ቤት ስንገባ፣ አያቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። በሰፈሩ የድንበርና የውርስ ጠብ ሲነሣ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚጠሩ ሴት ስለነበሩ፣ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ ዝም ብለው ማለፍ አይሆንላቸውም። «ይህች ኤዳ የምትሏት የማን ልጅ ናት?» አሉ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ።

«እማማ፣ የጨዋታ ሰው እኮ ናት፤ በቴሌቪዥን ያለች» አልናቸው።

«ትሁና። አንተ ሰው ስትገድል ዐየሁ ትላለህ፣ አንተ ደግሞ ሰው ስታድን ዐየሁ ትላለህ?»

«አዎ።»

«ልጅቱ ምን ለብሳ ነበር?»

እኔ «ሰማያዊ ቀሚስ» አልኩ፤ የአጎቴ ልጅ «ቀይ ሸሚዝ» አለ። ከዚያም ሁለታችንም ሳቅን፤ ሴት ልጅ ልብስ መቀየሯ ምን ይገርማል ብለን ነው። አያቴ ምንም አልጨመሩም፤ ጥጡን በጣታቸው አሾልከው ክሩን ወደ መፍተላቸው ተመለሱ። እኛም ጥያቄውን እዚያው ረሳነው።

ጎንደር ላደገ ሰው ይህን የጨዋታ አሠራር ለማስረዳት ከግንቡ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የነገሥታቱ ግቢ 12 በሮች ነበሩት፤ ሰው ሁሉ በፈለገው በር አይገባም። ዳኞቹ በወንበር በር፣ ሙዚቀኞቹ በእምቢልታ በር፣ የፈረሰኛው አለቃ በባልደራስ በር ይገባሉ፤ ተዝካር ያለበት ሰው ደግሞ የራሱ በር አለው። ያው አንድ ግቢ፣ ያው አንድ ቀን፣ ነገር ግን እምቢልታ ነፊው ግብር ሲያይ ተዝካረኛው ሐዘን ያያል፤ ማታ ከግቢው ወጥተው ቢገናኙ ስለ ሁለት የተለያዩ ቤቶች የሚያወሩ ይመስላቸዋል። ሬዚደንት ኢቪል 6 ላንሺያንግ የምትባለውን ከተማ እንደዚህ ነው የሠራት። አንተ ማን እንደሆንህ፣ በየትኛው በር እንደምትገባና ምን እንደምታይ ይወስናል።

ይህን ያህል ካመሰገንኩት በኋላ ስለ ጉድለቱ ዝም ማለት አልችልም፤ ጉድለቱ ብዙ ነውና። ሰርቫይቫል ሆረር የሚባለው፣ በፍርሃት መሃል ተርፎ የመውጣት የጨዋታ ዓይነት መሠረቱ እጥረት ነው። በቀድሞዎቹ ጨዋታዎች ጥይት በእጅ ጣት የሚቆጠር፣ ጨዋታውን ሴቭ ማድረግ እንኳ በታይፕራይተር ሪባን የሚገደብ ነበር፤ ፍርሃቱ የሚመጣው ከጭራቁ ሳይሆን ከኪስህ ነው። በስድስተኛው ግን የገደልከው ሁሉ ጥይት ጥሎልህ ይሞታል፤ ጥይት ቢያልቅብህም ክሪስ በጡጫ፣ ጄክ በእርግጫ ይጨርሱታል። የሚቆጣጠርህ አንድ የብርታት መለኪያ ብቻ ነው፤ ከመጠን በላይ ከተማታህ ትደክማለህ፣ ጥቂት ስታርፍ ደግሞ ይመለሳል። ሕንፃ ይፈርሳል፣ አውሮፕላን ይወድቃል፣ ባቡር ይጋጫል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲጮህ የሚያስፈራ ድምፅ ለይቶ መስማት አይቻልም። የክሪስ ክፍል ከሞላ ጎደል የጦርነት ጨዋታ ነው፤ እኔ በእርሱ በመጀመሬ ለብዙ ቀን ይህ የፍርሃት ጨዋታ መሆኑን እንኳ አላወቅኩም።

ፍርሃቱ ያለው በሊዮን የመጀመሪያ ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ እርሱም ለአጭር ጊዜ። ሊዮን ወደ ዞምቢነት የተለወጠውን የሀገሩን ፕሬዚዳንት፣ ወዳጁን፣ ተኩሶ ከጣለ በኋላ ከሄሌና ጋር ባዶውን ዩኒቨርሲቲ ያቋርጣል። ለረጅም ጊዜ የሚተኮስበት ነገር የለም፤ የግብዣ ጠረጴዛ፣ የተገለበጠ ወንበር፣ በመስኮት የሚገባ የመብረቅ ብርሃን ብቻ ነው ያለው። ልጁ የጠፋችበት አባት ያገኛሉ፤ ልጅቷንም ታማ ያገኟታል፣ አራቱም ወደ ሊፍት ይገባሉ። ሊፍቱ ይዘጋል። አባት ልጁን አቅፎ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ተጫዋቹ የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ሽጉጥ በእጁ አለ፣ ግን ጨዋታው ገና አልፈቀደለትም። እኛ ቤት ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሳይቀሩ በዚህች ቦታ ላይ ዞር ብለው ያዩ ነበር። ጨዋታው በሙሉ በዚህ ሊፍት ልክ ቢሠራ ኖሮ ስለ እርሱ ሌላ ጽሑፍ እጽፍ ነበር።

ጃቮ የሚባሉት ጠላቶችም ጥሩ ሐሳብ ነበሩ። እጃቸውን ስትመታ በተመታው እጅ ምትክ ሌላ የባሰ ነገር ይበቅልባቸዋል፣ እግራቸውን ስትመታም እንዲሁ፤ ስለዚህ የት እንደምትተኩስ ሳታስብ መተኮስ ነገሩን ያባብሰዋል። ጨዋታው ሰውነትን የማንቀሳቀስ ችሎታም ሰጥቶ ነበር፤ ወደ ኋላ ተወርውረህ በጀርባህ ተኝተህ መተኮስ፣ ተንከባለህ መነሣት ትችላለህ። ችግሩ ይህን ሁሉ በአግባቡ አያስተምርም፤ እኔ በጀርባዬ ተኝቼ መተኮስ እንደምችል ያወቅኩት አንድ የማላውቀው ልጅ ከኋላዬ ቆሞ ሲስቅብኝ ነው።

ከሁሉ የባሰው ግን «አሁን ይህን ቁልፍ ተጫን» የሚለው ትእዛዝ ነው። በሊዮን ታሪክ መጨረሻ አካባቢ ገመድ ላይ ለመውጣት ኤል ሁለትንና አር ሁለትን እያፈራረቁ መጫን ያስፈልጋል፤ የእኛ ቴሌቪዥን ጆይስቲክ ደግሞ አር ሁለቱ ሞቶ ነበር። የአጎቴ ልጅ ሊዮንን ገመዱ ሥር ሁለት ቀን አቆመው። በሦስተኛው ቀን ከኳሶቹ ጆይስቲክ ለመለመን ለአንድ ቡድን የሁለት ጨዋታ ሒሳብ ከፈለላቸው፤ ገመዱን በወጣ በሦስተኛው ደቂቃ ደግሞ መብራት ጠፋ።

ስለ ጄክ ብዙ አልናገርም፤ ኡስታናክ ከሚባል ግዙፍ ፍጡር ሲሸሽ የሚውል ወጣት ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለውን መድኃኒት በ50 ሚሊዮን ዶላር ሊሸጥ ተነሥቶ በመጨረሻ ዋጋውን ወደ 50 ዶላር ማውረዱን ግን ወድጄለታለሁ። አብራው የምትሄደው ሼሪ በ1998ቱ ጨዋታ ሊዮንና ክሌር ያዳኗት ሕፃን ነበረች። ላንሺያንግ ውስጥ ሁለቱ ከሊዮንና ከሄሌና ጋር ሆነው ኡስታናክን ይገጥማሉ። እኔ ይህን ውጊያ መጀመሪያ የተጫወትኩት በጄክ ወገን ነበር፤ ሊዮንና ሄሌና ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው፣ ረድተው የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ሄሌናን ሆኜ ወደዚያው ቦታ ስደርስ፣ እኅቷን በገዛ ዓይኗ አጥታ የመጣች ሴት መሆኗን ዐወቅሁ። በጄክ ዓይን አንዲት መንገደኛ ናት።

የኤዳ ታሪክ በእኛ ዲስክ ላይ የሚከፈተው ሦስቱ ካለቁ በኋላ ነው፤ የሁላችንም ድካም በአንድ ሴቭ ላይ ስለተጠራቀመ፣ ማን እንደከፈተው ሳናውቅ አንድ ቀን ተከፍቶ አገኘነው። የዚያን ቀን ሁለታችንም አብረን ገባን፤ እርሱ ሲጫወት እኔ አየሁ። ኤዳ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ቀስት ትይዛለች፣ ከላይ ሆና የእነዚያን የሊዮንና የሄሌናን ትግል ትመለከታለች፣ ሳያዩዋትም ታግዛቸዋለች። ከዚያም ካርላ ራዳሜስ የምትባለውን ሳይንቲስት ታሪክ ታገኛለች። ሲመንስ የሚባለው የመንግሥት ሰው ኤዳን ስላጣት፣ በሲ-ቫይረስ ካርላን ወደ ኤዳ መልክ ለውጧት ነበር። ሰማያዊ የለበሰችው ካርላ፣ ቀይ የለበሰችው ኤዳ። የአጎቴ ልጅ ጨዋታውን ፖዝ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ፤ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ያስታወስነው የበረንዳውን ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሊዮንና ክሪስ የሚገናኙበትን ቦታ ደግሜ ያየሁት። ክሪስ ሰማያዊዋን ሲያሳድድ ሊዮን በመሃል ይገባል፤ ሁለቱ ይያያዛሉ፣ ከዚያም ሽጉጥ ለሽጉጥ ይፋጠጣሉ። ክሪስ ሰዎቼን ፈጀችብኝ ይላል፤ ሊዮን ከ70 ሺህ በላይ ሕዝብና ፕሬዚዳንቱን ያጣሁት በሲመንስ ነው፣ እርሷ ምስክር ናት ይላል። ብዙ ጨዋታ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አንዱን ሞኝ ያደርጋል። እዚህ ግን ማንም አልተሳሳተም፤ ክሪስ ያየው እውነት ነው፣ ሊዮን ያወቃት ኤዳም እውነት ናት፣ አንዱ ስም ብቻ ነው ሁለቱን ያጋጨ። ሽጉጡን የሚያወርዱትም ማስረጃ ስለተገኘ አይደለም፤ የቆዩ ሰዎች ስለሆኑ ይተማመናሉ፣ ይለያያሉ። ከዚያ በኋላ ክሪስ ደውሎ ኤዳ ዎንግ መሞቷን ለሊዮን ይነግረዋል። በክሪስ በር ለገባሁት ለእኔ ያ ስልክ የዕዳ መዘጋት ነበር፤ በሊዮን በር ለገባው ለአጎቴ ልጅ መርዶ ነበር። በዚያ ክረምት እርሱ ሁለት ቀን ያህል እንዳኮረፈኝ አሁን ሲነገረው ይክዳል።

አብረን በአንድ ጊዜ፣ ስክሪኑን ለሁለት ከፍለን የተጫወትነው የክሪስን መጨረሻ ነው። እኔ ክሪስ፣ እርሱ ፒርስ። ከባሕር ሥር ባለው ጣቢያ ፒርስ አንድ እጁን ካጣ በኋላ አለቃውን ለማዳን ቫይረሱን በራሱ ላይ ይወጋል፤ በጎደለው እጅ ምትክ መብረቅ የሚተፋ ነገር ይበቅልበታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእርሱ ግማሽ ስክሪን ከእኔ ግማሽ የተለየ ጨዋታ ሆነ። መጨረሻ ላይ ክሪስን በማምለጫው ውስጥ ገፍትሮ በሩን ከውጭ ይዘጋል። የስክሪኑ ክፍፍል ጠፍቶ ታሪኩ በአንድ ምስል ሲቀጥል፣ ክሪስ መስተዋቱን ይደበድባል፣ ማምለጫው ይነሣል። የአጎቴ ልጅ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «የእኔ አለቀ ማለት ነው?» አለ። እኔ መልስ አልሰጠሁትም።

ካፕኮም ራሱ ከዚህ ጨዋታ በኋላ መንገዱን ቀየረ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሰባተኛው አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ በራስ ዓይን የሚታይ ጨለማ ይዞ መጣ፣ ብዙዎችም ፍርሃቱ ተመለሰ ብለው ተደሰቱ። እኔም ተደስቻለሁ። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ በሌላ በር የገባ ሰው አልነበረኝም።

የአጎቴ ልጅ አሁን የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው። ባለፈው ጥምቀት መጥቶ ነበር፤ ታቦታቱ ከፋሲለደስ መዋኛ ተመልሰው ከተማው ጸጥ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአዲሱ ማሽን የወጣውን ቅጂ ከፍቼ እንጫወት አልኩት። በዚህኛው ሴቭ ላይ ከእኛ በቀር ማንም አልነካም። እርሱ ዕድሜ ልኩን የሊዮን ወገን ሆኖ ሳለ ዘንድሮ ክሪስን ልያዝ አለ፤ እኔ ፒርስን ያዝኩ። ኤዶኒያ ደርሰን ሴትዮዋ ስትወጣ ጨዋታውን አቆመና፣ አሁን በጣም ያረጁት አያቴ ወደ ተኙበት ጓዳ ፊቱን አዞረ።

«እማማ፣ ሰማያዊ ነው የለበሰችው!»

ሰምተው እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርንም። ጥቂት ቆይተው ሳል አሉ።

«ቀይዋስ የት አለች?»